ወፉ ሥራውን ሳያቋርጥ፦ በባሮ ዳርቻ ወፎችን በቅርብ ስለ ማየት

በጋምቤላ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ወፍ ነው። የንግግሩ ማስታወቂያ ሲለጠፍ «ወፍ ለማየት ንግግር ምን ያደርጋል? ቀና ማለት ይበቃል» ብሎ የሳቀ እንደሚኖር እገምታለሁ። እውነቱን ነው። ወፍ ለማየት ቀና ማለት ይበቃል። ወፍ ምን እንደሚሠራ ለማየት ግን ቁጭ ማለት ይጠይቃል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ወደ ወፍ የሚያቀርበን እግራችን ሳይሆን መቀመጫችን ነው። ትስቃላችሁ፤ ነገር ግን ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ያህል ሲወራ የኖረ አንድ ዝነኛ ታሪክ የተፈተነው እዚሁ ባሮ ወንዝ ላይ፣ በዚሁ ዘዴ ነው። ከእርሱ ልጀምር።

አዞውና ወፏ

የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ስለ ግብፅ ሲጽፍ የዓባይን አዞ ያነሣል። አዞው ከውኃ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ሲተኛ አንዲት ትንሽ ወፍ ገብታ በአፉ ውስጥ የተጣበቀውን አልቅት ትለቅምለታለች፤ አዞውም ስለሚያርፍበት አይነካትም ይላል። ወሬው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተሻገረ እኛ ዘመን ደረሰ። ሁለት ፍጥረታት እየተጠቃቀሙ ስለ መኖራቸው ሲነገር እስከ ዛሬ ይህ ታሪክ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ወፏ የትኛዋ እንደሆነች ሊቃውንት ተከራክረዋል። ብዙዎቹ የመረጧት አሁን «የአዞ ወፍ» የምትባለውን ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለፍጥረታት ስም ሲያወጣ ለእርሷ የሰጣት ሳይንሳዊ ስም «ግብፃዊት» የሚል ትርጉም አለው። ዛሬ ግብፅ ውስጥ አትገኝም። ጋምቤላ ግን አለች። በበጋ ከከተማችን ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ አሸዋው የሚመለከት ሰው ሊያያት ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ እርሷን ፈልገው የሚመጡ የውጭ አገር ወፍ ተመልካቾች በቀዳሚነት ከሚጠሯቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ድልድይ ነው።

ያላያችኋት ካላችሁ ልግለጽላችሁ። ርዝመቷ ሃያ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አናቷ ጥቁር ነው፤ በዐይኗ ላይ ጥቁር መስመር ያልፋል፤ ከቅንድቧ በላይ ነጭ ሰረዝ አለ። ክንፏ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ፣ ሆዷ ፈካ ያለ ብርቱካናማ፣ ደረቷ ላይ ደግሞ እንደ ሐብል የዞረ ጥቁር ቀለበት። ቆማ ያያት «ቆንጆ ናት» ብሎ ያልፋል። ስትነሣ ግን ክንፏ ይገለጥና ነጩ በጥቁር መስመር ተከፍሎ ብልጭ ይላል፤ ያን ጊዜ የሚያልፍ የለም።

በ1970ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ቶማስ ሃወል የተባለ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ወደ ጋምቤላ መጣ። ሰውዬው አንድ ጥያቄ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር፦ እንቁላልን የሚቀቅል ሙቀት ባለበት መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች እንቁላላቸውን እንዴት ያድናሉ? ከዚያ በፊት በቺሊ የአታካማ በረሃ ውስጥ ግራጫ የባሕር ወፎችን አጥንቷል። ባሮ ዳር የመጣውም ለአዞ አፍ ብሎ ሳይሆን ለአሸዋው ሙቀት ብሎ ነው። ያየውን እ.ኤ.አ. በ1979 በአንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። ዓለም ስለ አዞ ወፍ ኑሮ ከሚያውቀው አብዛኛው የተገኘው ከዚህ ወንዝ አሸዋ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

ያየው ምንድን ነው? ወፏ ጎጆ አትሠራም። አሸዋውን ጭራ ጎድጎድ ታደርግና ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያም በአሸዋ ትሸፍናቸዋለች። ሰው በአጠገቡ ቢያልፍ አያየውም፤ ቢረግጠውም አያውቅም። ፀሐይ ስትከር ወንዱም ሴቷም ተራ እየተቀባበሉ ወደ ወንዙ ይሮጣሉ፤ የሆዳቸውን ላባ ውኃ ያጠጡና ተመልሰው በተሸፈነው እንቁላል ላይ ይቀመጣሉ። አሸዋው ይርሳል፤ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ምልልሱም ይጨምራል። የረጅም መንገድ ሹፌሮች የውኃ ኮዳቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከመኪናው ጎን እንደሚያንጠለጥሉት ነው፤ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሸዋው ሲበርድ ወላጁ ከላይ ተኝቶ ያሞቃቸዋል።

ጫጩቶቹ እንደተፈለፈሉ ብዙ ሳይቆዩ ይሮጣሉ። አደጋ ሲመጣ ግን አይሮጡም፤ መሬት ላይ ልጥፍ ይላሉ። ያን ጊዜ ወላጁ በመንቆሩ አሸዋ እየወረወረ ይቀብራቸዋል። አደጋው ሲያልፍ ይወጣሉ። ሙቀት ሲጸናባቸውም እንደ እንቁላሎቹ ሁሉ በረጠበ ሆድ ይቀዘቅዛሉ፤ ከላባው ላይ የተንጠለጠለውን ውኃም ይጠጣሉ።

ስለ አዞው አፍስ? አዞ አፉን ከፍቶ የሚተኛው ሙቀት ለማስተንፈስ ነው። ወፏም ነፍሳት ስትለቅም በአዞ አጠገብ ትመላለሳለች። ሁለቱን ከሩቅ ያየ ሰው ቀሪውን በአሳቡ ሊሞላው ይችላል። ሃወል ግን ወፏ አዞ አፍ ውስጥ ስትገባ አላየም። ከእርሱ በኋላም ነገሩን አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ያረጋገጠ የለም።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች አስተያዩ። አንደኛው ሩቅ ሆኖ የተወራ ነው፤ ሁለተኛው ቅርብ ሆኖ የታየ። የትኛው ይበልጥ ይደንቃል? ለእኔ እንቁላሏን ቀብራ በሆዷ ውኃ የምታጠጣ ወፍ አዞ አፍ ውስጥ ከምትገባዋ ትበልጥብኛለች። ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ ወደ ወፏ እየተራመደ ሊያይ የሚችል ሰው የለም። ወደ እርሷ የሚራመድ ሰው የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የምትሸሽ ወፍ።

ወንዙ ሲሞላ፣ ወንዙ ሲጎድል

የከተማችን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሞላ ወንዝ ነው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦችም ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው እዚህ ድረስ መጡ። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በዚህ ወደብ ወጣ። መርከቦቹ ግን የሚደርሱት በክረምት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ውኃው ከፍ ሲል ብቻ ነበር።

የአዞ ወፍ ተቃራኒውን ትጠብቃለች። እርሷ የምትፈልገው ውኃው የሚጎድልበትን ጊዜ ነው፤ አሸዋው ብቅ የሚልበትን። መርከብ የሚያልፍበት የወንዝ ወለል በበጋ የእርሷ ማሳደጊያ ይሆናል። ስለዚህ ባሮ ሁለት የቀን መቁጠሪያ አለው፤ አንዱ የነጋዴ፣ ሌላው የወፍ። ወፍ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ማወቅ አለበት።

ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓና የእስያ ወፎች ብርዱን ሸሽተው ይመጣሉ። የዓባይ ተፋሰስ ትልቅ የስደት መንገዳቸው ነው፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ ከአገሬው ወፍ ጋር ተቀላቅለው ይታያሉ። በኅዳር ውኃው ወደ ኋላ ይላል፤ የአሸዋ ደሴቶች ይገለጣሉ። ውኃው በሸሸበት እርጥብ ዳርቻ ላይ አኙዋኮች በቆሎ ይዘራሉ። ኑዌሮችም ከብታቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ሰውም ከብትም ወፍም በአንድ ወቅት ወደ አንድ ውኃ ይሰበሰባል ማለት ነው። ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ለአዞ ወፍ የመፈልፈያ ጊዜ ነው፤ ለእኛም ላባችን ቢኖር የምናረጥብበት ሙቀት ነው። ዝናቡ ሲጀምር አሸዋው ይዋጣል፤ ወፏም ትሄዳለች።

ይህ ማለት ክረምት ወፍ የለም ማለት አይደለም። ሣሩ ሲረዝም ጥቂት ትኩረት ስጡት። በበጋ ቡናማ ሆና ከድንቢጥ የማትለየው አንዲት የሣር ወፍ አለች፤ ወንዱ በዝናብ ወቅት እሳት የመሰለ ቀይ ላባ ይለብሳል፤ በሣሩ ጫፍ ላይ ላባውን ነፍቶ እየበረረ ለሴቶቹ ይታያል። ያው ወፍ በጥር በደጃፋችሁ ሲያልፍ አታውቁትም ነበር።

ወፉ ሲናገር

ወደ ዘዴው ልግባ። እያንዳንዱ ወፍ የማይታይ ድንበር አለው። ሰው ከዚያ ድንበር ውጭ ሲሆን ወፉ ይመገባል፣ ላባውን ያበጥራል፣ ይተኛል። ድንበሩ ሲጣስ ይበራል። የወፍ አጥኚዎች ይህን ርቀት በሜትር ይለኩታል። ርቀቱ ግን ቋሚ አይደለም። አዳኝ በሚበዛበት አገር ይሰፋል፤ ሰውን በለመደበት ቦታ ይጠባል። ስለዚህ በድልድዩ አጠገብ፣ ልብስ አጣቢው፣ ዋናተኛውና ዓሣ አጥማጁ በሚውሉበት፣ ወፎች ከከተማ ርቆ ካለው ዳርቻ ይልቅ ሰውን ያስጠጋሉ። ወፍ በቅርብ ለማየት የግድ ወደ ጫካ መግባት እንዳለበት የሚያስብ ሰው ይሳሳታል።

ወፉ ከመብረሩ በፊት ይናገራል። መጀመሪያ መመገቡን ትቶ አንገቱን ያቀናል። ያን ጊዜ ቁሙ። ቀጥሎ ፊቱን አዙሮ መራመድ ይጀምራል፣ ወይም አናቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ወይም አጭር ድምፅ ያሰማል። ያን ጊዜ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። ሦስተኛውን ምልክት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ክንፍ ነው። ሦስተኛው ላይ የደረሰ ሰው ሁለቱን ሳያነብ ያለፈ ሰው ነው። የጥሩ ተመልካች መለኪያ ስንት ሜትር ተጠጋ የሚለው አይደለም፤ ሲሄድ ወፉ አሁንም እየለቀመ ነበር ወይ የሚለው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ማታ ከአሥር ሰዓት በኋላ ውጡ፤ በቀትር ወፉም እናንተም ጥላ ፈልጉ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ የወፉ ቀለም ይታያችኋል። ወፉ የሚመጣበትን ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፤ ዓሣ በል ወፍ የሚያርፍበት አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ዛሬም ነገም እዚያው ያርፋል። ተቀመጡ፤ የተቀመጠ ሰው አጭር ነው፣ አጭር ሰው ብዙ አያስፈራም። መጠጋት ካለባችሁም በቀጥታ አትሂዱ፤ ሌላ ቦታ የምትሄዱ መስላችሁ በሰያፍ ተራመዱ፤ ዐይናችሁን አትትከሉበት። በጣት መጠቆም ይቅር። ነጭ ነጠላና ደማቅ ሸሚዝ ለበዓል ይቆይ።

ባይኖኩላር ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ላዩ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ 8 እና 42። የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው፤ ሁለተኛው የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ብርሃን የሚያስገባው እርሱ ነው። 10 ወይም 12 የሚያቀርብ ከ8 ይሻላል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ባቀረበ መጠን የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል። ገንዘቡ ከሌለ ደግሞ ይቅር፤ ዐይንና ትዕግሥት ከቀረጥ ነጻ ናቸው።

አንድ ዓይነት ቅርበት ደግሞ አለ፤ በምግብ የሚገዛ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቀዋል። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲበልቱ ቁመታቸው አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ የሚችል ራሰ በራ ማራቡዎች በሰው መካከል ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ሕፃናት በእጃቸው ሊነኩ በሚችሉበት ርቀት ላይ ናቸው። አልነቅፈውም፤ ያንን ትልቅ ወፍ በዚያ ቅርበት ማየት ልጅን ለዕድሜ ልክ የወፍ ወዳጅ ያደርጋል። ነገር ግን እዚያ የምናየው ወፉ በሰው ቤት ሲበላ ነው። ባሮ ላይ የሚገኘው ሌላ ነው፤ ወፉ በራሱ ቤት ነው፣ እንግዶቹ እኛ ነን።

በእሳትና በከብት ዳር

ወፍን በቅርብ ለማየት ከሁሉ የሚቀለው ወፉ ራሱ ሰውን የሚፈልግበትን ሰዓት ማወቅ ነው። ይህን ከብት ጠባቂዎቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሳቢሳን ውሰዱ፤ ያ ነጭ ወፍ ከላም እግር ሥር የማይጠፋው ላሚቱን ወዶ አይደለም። ላሚቱ ስትራመድ አንበጣው ከሣሩ ይዘላል፤ ሳቢሳው ይለቅመዋል። ብቻውን ሲሆን ሰው ሲያይ ይርቃል፤ ከመንጋው ጋር ሲሆን ግን ለእረኛው ግድ የለውም። ስለዚህ ሳቢሳን ለማየት ከመንጋው ጋር መራመድ ይበቃል።

ሁለተኛው እሳት ነው። በበጋ የደረቀው ሣር ሲቃጠል ሰው ጭሱን ይሸሻል፤ ወፉ ወደ ጭሱ ይመጣል። ጭልፊቶች ከላይ ይዞራሉ። ደማቅ ቀይ የሆኑት፣ አናታቸው ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነው ንብ በል ወፎች እሳቱ በሚበላው ሣር ፊት ፊት እየበረሩ የሚሸሸውን ነፍሳት በአየር ላይ ይቀልባሉ። እነዚህ ወፎች የሌላውን ሥራ መጠቀም የተካኑ ናቸው፤ በትልልቅ ወፎችና በከብት ጀርባ ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ፤ ጀርባው እነርሱን ያጓጉዛል፣ እግሩ ምግባቸውን ያስነሣል። ለወፍ ብሎ ሣር የሚያቃጥል አይኑር፤ እሳቱ ጎጆም ጫጩትም ይበላልና። እሳት ባለበት ግን በነፋሱ ጀርባ፣ በአስተማማኝ ርቀት የቆመ ሰው የማይረሳ ነገር ያያል።

ሦስተኛው ገደል ነው። ባሮ የሸረሸረው ቀጥ ያለ የአፈር ዳርቻ ላይ ተደርድረው የምታዩአቸው ክብ ቀዳዳዎች የንብ በል ወፎች ቤት ናቸው። ከእነርሱ መካከል ጉሮሮው ቀይ የሆነው ዝርያ ጋምቤላ ውስጥ በቅርብ ከሚታዩት አንዱ ነው። በማኅበር ይኖራል፤ በመንቆሩና በእግሩ አፈሩን ቆፍሮ ረጅም ዋሻ ይሠራል። የሚያስገርመው ማኅበራዊ ኑሮው ነው፤ ጥንዶቹ ብቻቸውን አያሳድጉም፣ ዘመድ የሆነ ሌላ ወፍ መጥቶ ጫጩቶቹን አብሮ ይመግባል። ንብ ሲይዝ ደግሞ ወዲያው አይውጥም፤ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥቅጦና አሽቶ መርዙን ያስወጣል፣ ከዚያ ይበላል። ይህን ለማየት ከገደሉ በላይ አትቁሙ፤ አፈሩ ይናዳል፣ ወፉም ወደ ቤቱ አይገባም። ከማዶ ወይም ከጎን ተቀመጡ፤ በዚያ ሰዓት መንደሩ ሁሉ ሲገባና ሲወጣ ታያላችሁ።

ወፍና ሰው በዚህ ዳርቻ መተዋወቅ የጀመሩት ዛሬ ባይኖኩላር በአንገት የሚያንጠለጥሉ እንግዶች ሲመጡ አይደለም። የእንግሊዙ የሥነ ሰብእ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ኑዌሮችንና አኙዋኮችን አጥንቷል። ኑዌሮች መንታ ልጆችን ወፎች ናቸው እንደሚሉ ጽፏል፤ ይህም ጽሑፉ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት አከራክሯል። ኑዌሮቹ መንታዎቹ ክንፍ አላቸው ማለታቸው አልነበረም። ወፍ ወደ ላይ ስለሚበር የፈጣሪ ወገን ነው፤ የመንታ መወለድም በፈጣሪ ልዩ ሥራ የመጣ ነው፤ ስለዚህ አንድ ወገን ናቸው። መንታ የሆነ ሰው የወፍ ሥጋና እንቁላል አይበላም ነበር፤ ከመንታዎቹ አንዳንዱም በቆቅና በጅግራ ስም ይጠራል። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባላል፤ ሰውም ወፍን የሚያይበት እንዳገሩ ነው። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሽማግሌዎች ከእኔ በፊት የምታውቁት ብዙ ነገር አለ።

የማይጠጉት

ቁጭ በሉ ያልኩት በማንኛውም ቦታ አይደለም። ባሮ አዞ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት እዚሁ ጋምቤላ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ በአዞ ተበልቶ ሞቷል፤ ታሪኩ በመጽሐፍ ተጽፎ ዓለም አንብቦታል። ከዚያ በፊትና በኋላ በስማቸው ያልተጻፈላቸው የአገራችን ሰዎችም አሉ፤ ቤተሰቦቻቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ወፍ ስትመለከቱ ከውኃው ጠርዝ ራቅ፣ ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። ጀርባችሁን ለውኃ አትስጡ። ልጆች ያለ ትልቅ ሰው አይውረዱ። ታንኳ ስትይዙም ወንዙን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሁን።

ከሩቅ ብቻ መታየት ያለባቸው ወፎችም አሉ። ከባሮ በስተደቡብ እስከ አኮቦ ወንዝ የሚዘረጋው ረግረጋማ አገር ውስጥ፣ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በሚገኝበት አካባቢ፣ ሹቢል የሚባል ወፍ ተመዝግቧል። ከኢትዮጵያ ይህ ወፍ የሚታወቀው በዚህ ክልል ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ፣ ቀለሙ ግራጫ፣ መንቆሩ ሰፊ ጫማ የመሰለ ነው። በረግረጉ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ንቅንቅ ሳይል ቆሞ ይጠብቅና በአንድ ጊዜ ተወርውሮ አምባዛና ሳንባ ያለውን ዓሣ ይይዛል። በመላው አፍሪካ የቀረው ቁጥሩ በጥቂት ሺዎች ይገመታል፤ አብዛኛው በደቡብ ሱዳን ነው። እንዲህ ያለው ወፍ አንድ ጊዜ ከጎጆው ቢነሣ ጫጩቱ ለፀሐይ ይጋለጣል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ተብሎ በታንኳ መክበብ ለእርሱ ከማደን ብዙ አይለይም። ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬንም እንዲሁ፤ ረግረጉ ሲጠብ እርሱም ይመናመናል።

ረግረጉ ይጠባል ወይ? ውኃ ሲገደብ፣ መሬቱ ለሰፊ እርሻ ሲታረስ፣ ጎርፍ ይደርስበት የነበረው ሜዳ ጎርፉን ሲያጣ ይጠባል። ልማት አይሁን ማለቴ አይደለም፤ ሩዝም ጥጥም ያስፈልጋል። ግን ጎርፉ የሚያድስለት ዓሣ አጥማጅ፣ በጎርፉ ጠርዝ የሚዘራ ገበሬና በረግረጉ የሚቆም ሹቢል የአንድ ውኃ ልጆች መሆናቸውን ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ሊያውቅ ይገባል። ይህን የሚነግረው ደግሞ ዳርቻውን ተቀምጦ ያየ ሰው ነው።

በዚህ ከተማ ሊደረግ የሚችል

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከ300 በላይ የሚሆኑት በጋምቤላ ፓርክና በዙሪያው የሚታዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ያላቸውን 69 ቦታዎች ዘርዝሮ ሲያሳትም ጋምቤላን አካትቷል። ሆኖም ስለ ባሮ ወፎች የተጻፈውን ብናገላብጥ አብዛኛውን የጻፉት ለጥቂት ሳምንታት መጥተው የሄዱ እንግዶች ናቸው። ሃወል አንድ በጋ ሰጥቶ ያን ሁሉ አገኘ። እዚህ ተወልዶ በየዓመቱ የሚያየው ልጅ ምን ሊያገኝ እንደሚችል አስቡ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ከጥር እስከ መጋቢት የአዞ ወፍ በምትታይባቸው የአሸዋ ደሴቶች ላይ እግር፣ ተሽከርካሪና የአሸዋ አካፋ እንዳይገባ ወጣቶቻችን ከአሸዋ ጫኞችና ከዓሣ አጥማጆች ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። ደሴቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ለቀሪው ሥራ የሚበቃ አሸዋ አለ። ወፏ እየተመላለሰች ሆዷን ስታረጥብ ያየ ሰው ያለ ምልክት ሰሌዳም ቦታውን ያውቃል፤ እርጥብ ሆድ ያለበት አሸዋ ሥር እንቁላል አለ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ደብተር ይክፈት። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የወፉ መልክ፣ ምን ሲሠራ እንደታየ፤ በቃ። የወፉን ስም በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በመዠንግርኛ፣ በኦፖኛና በኮሞኛ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ተጠይቆ ይጻፍ። የአዞ ወፍ በየትኛው ሳምንት እንደመጣች፣ በየትኛው እንደሄደች አሥር ዓመት የተጻፈበት ደብተር ማንም ባለሙያ ገንዘብ ከፍሎ የማያገኘው ሀብት ነው።

ሦስተኛው ለአስጎብኚነት ለምትዘጋጁ ወጣቶች ነው። እንግዳው «ቅረብልኝ፣ አስነሣልኝ፣ ሲበር ላንሣው» ይላችኋል፤ ገንዘብም ይጨምራል። ድንጋይ አትወርውሩ። ወንበር አውጡለት፣ ሻይ ቅዱለት፣ ተቀመጥ በሉት። ግማሽ ሰዓት ይስጥ፤ ወፏ ራሷ በፊቱ ታልፋለች። ስትበር የተነሣ ፎቶግራፍ በሺዎች የሚቆጠር ሰው እጅ አለ፤ ውኃ በሆዷ ተሸክማ ስትሮጥ ያነሣው ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል።

ክቡራትና ክቡራን፣ የዱር እንስሳ ለማየት ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ሩቅ አገር ይሄዳል። በእኛ ከተማ የሚያስከፍለው ነገር ሥራን ለግማሽ ሰዓት አቁሞ መቀመጥ ብቻ ነው። እኛ ሥራችንን ካቆምን ወፉ ሥራውን አያቆምም፤ ስምምነቱ ይኸው ነው።  አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅም ይረመኝ፤ ከዓሣ አጥማጆቹ እንጀምር።